ርካሽ ግን ሁነኛ፦ የመጀመሪያ የአደን ጠመንጃችሁን እንዴት ትመርጣላችሁ?

አያቴ ቤልጅግ ነበራቸው። ደንበጫ ዙሪያ ያደገ ሰው ቤልጅግ ሲባል ወዲያው ይገባዋል። ለሌላው ልንገር፦ ቤልጅየም ውስጥ ኤርስታል በምትባል ከተማ ኤፍኤን የተባለው ፋብሪካ በጀርመኑ ማውዘር ንድፍ የሠራው ጠመንጃ ነው። ከጣሊያን ወረራ በፊት ተገዝቶ ገባ፣ ስሙንም ከመጣበት አገር ወሰደ። አምስት ጥይት ይጎርሳል። አንዱን ትተኩሳላችሁ፣ ማቀባበያውን አንስታችሁ ወደ ኋላ ትስባላችሁ፣ ቀለሁ ይወረወራል፣ ወደ ፊት ስትገፉት አዲሱ ጥይት ይገባል።

ዛሬ ፈረንጆቹ ቦልት አክሽን እያሉ የሚሸጡት የአደን ጠመንጃ የዚሁ ዘር ነው። የብዙዎቹ መሠረት ማውዘር በፈረንጆቹ 1898 ያወጣው ንድፍ ነው። ስለዚህ የጎጃም ልጅ ለዚህ ዕቃ ባዳ አይደለም።

እኔ አሜሪካ ኮሎራዶ ለዓመታት ኖሬ፣ እዚያው አጋዘን አድኜ፣ አሁን ደብረ ማርቆስ ነኝ። ዲቪ ደርሷቸው የሄዱ የዘመድ ልጆች መኸር ሲቃረብ ይደውሉልኛል። ጥያቄያቸው አንድ ነው። ባለፈው ለፋሲካ የመጣው የእህቴ ልጅም ከኮሎራዶዋ ኦሮራ ድረስ ይዞት የመጣው ይህንኑ ነበር። ስልኩ ላይ የሦስት ጠመንጃ ፎቶ አሳየኝና «ጋሼ፣ ከእነዚህ የትኛው ነው ርካሽም ጥሩም?» አለኝ።

መልስ አልሰጠሁትም። በወንድሜ ስም በፈቃድ የተያዘውን የአያቴን ቤልጅግ አስወጣሁ። ባዶ መሆኑን ሁለታችንም በዓይናችንም በጣታችንም አረጋገጥን። ከዚያ ጭኑ ላይ አስቀመጥኩለት። ይኼ ጽሑፍ ያን ከሰዓት መደብ ላይ ተቀምጠን ያወራነው ነው።

አንድ ነገር ከሁሉ በፊት ያዙልኝ። ርካሽ ጠመንጃ ሁሉ የሆነ ቦታ ላይ ተቆጥቦበታል። የዛሬ ፋብሪካዎች በርሜል ላይ ብዙም አይቆጥቡም፤ የ450 ዶላሩም የ1500 ዶላሩም ዒላማ ይመታል። የሚቆጥቡት ሰደፉ ላይ፣ ካዝናው ላይ፣ የማቀባበያው ልስላሴ ላይ ነው። የእናንተ ሥራ ቁጠባው የት እንደተቀመጠ ማወቅ ነው። ከዚያ «ይኼን ጉድለት ልቻለው ወይስ አልችለውም?» ብላችሁ መወሰን።

መጀመሪያ ወረቀቱ

አገር ቤት ላላችሁ ባጭሩ፦ የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ያለ ፈቃድ መያዝን ይከለክላል። «የአያቴ ነው» ማለት ፈቃድ አይሆንም። አደን ደግሞ ራሱን የቻለ ፈቃድ አለው፤ የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 541/1999 የሚገዛው ነው። ዝንጀሮ በቆሎዬን ጨረሰው ብሎ መተኮስ አይቻልም። ወረዳችሁን ጠይቁ።

ኮሎራዶ ላላችሁ፦ በፈረንጆቹ ከጃንዋሪ 1 ቀን 1949 ወዲህ የተወለደ ሁሉ የአዳኝ ትምህርት ወስዶ ካርድ መያዝ አለበት። የአጋዘን ፈቃድ በዕጣ ነው፤ ማመልከቻው የሚዘጋው በፈረንጆቹ ኤፕሪል መጀመሪያ፣ በእኛ መጋቢት መጨረሻ ገደማ ነው። ብዙ የእኛ ልጆች ጠመንጃ ገዝተው ዕጣው አልፏቸው ይቀራሉ። መጀመሪያ ካርዱን፣ ቀጥሎ ዕጣውን፣ ከዚያ ጠመንጃውን። ግሪን ካርድ ወይም ዜግነት ያለው ሰው ሱቅ ገብቶ 4473 የተባለውን ቅጽ ይሞላል፣ ታሪኩ ይጣራል። ኮሎራዶ በፈረንጆቹ ከኦክቶበር 2023 ጀምሮ የሦስት ቀን ጥበቃም ጨምራለች። ስለዚህ ነገ አደን ልወጣ ዛሬ ልግዛ አይሠራም።

በጾም ለምትጨነቁ፦ የጠመንጃ አደኑ ዋና ጊዜ ከጥቅምት አጋማሽ እስከ ኅዳር መጀመሪያ ስለሚውል፣ ብዙውን ጊዜ ኅዳር 15 ከሚገባው ጾመ ነቢያት በፊት ያልቃል። አጋዘን ሰኮናው የተሰነጠቀ የሚያመሰኳ እንስሳ ነው። ስለ አስተራረዱ ግን የንስሐ አባታችሁን ቀድማችሁ ጠይቁ። እኔ ጠይቄ ነው የወጣሁት።

ጥይቱን ከጠመንጃው በፊት ምረጡ

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይገለብጠዋል። ጠመንጃውን ወዶ ይገዛል፣ ከዚያ ጥይት ፍለጋ ይዞራል። ጠመንጃ አንዴ ይገዛል። ጥይት ግን ዕድሜ ልክ ነው።

ኮሎራዶ ለትልቅ አውሬ ስፋቱ ከ.24 ኢንች በታች የሆነ ጥይት አትፈቅድም። ከዚያ በላይ ላለው የእኔ ምክር ይኸውላችሁ።

.243 ዊንቸስተር ትከሻን አይጎዳም። ለአጋዘን ይበቃል። ኤልክ ለሚባለው ትልቁ አውሬ ግን በሕግ ቢፈቀድም ለጀማሪ አልመክረውም፤ ቦታውን ትንሽ ከሳታችሁ እንስሳው ቆስሎ ይሄዳል። .30-06 በፈረንጆቹ 1906 የወጣ ሽማግሌ ነው፣ ሁሉን ይጥላል፣ ግን ይራገጣል። .270 ዊንቸስተርም ድንቅ ነው። 6.5 ክሪድሙር በፈረንጆቹ 2007 መጥቶ ገበያውን ሞላው፤ እርግጫው ለስላሳ፣ ጥይቱ በየሱቁ ያለ ነው። 7ሚሜ-08 እኔ በጣም የምወደው ነው፤ በየቦታው ስለማይገኝ ብቻ ለጀማሪ ሁለተኛ አደርገዋለሁ። .308 ዊንቸስተር ደግሞ መሃል ላይ ነው፦ የትም ይገኛል፣ ርካሽ ዓይነቱም ብዙ ነው፣ አጋዘንም ኤልክም ይበቃዋል።

የእህቴ ልጅ ቀጭን ነው። እስከዚያ ቀን ተኩሶ አያውቅም። 6.5 ክሪድሙር ወይም .308 አልኩት። ማግነም የሚል ነገር የተጻፈበትን፣ ማለት ባሩዱ የበዛ ኃይለኛ ጥይት የሚተኩሰውን፣ እንዳይነካ አስጠነቀቅሁት። እርግጫ የፈራ ሰው ቃታ ሲስብ ዓይኑን ይጨፍናል፣ ትከሻውን ይሰብቃል። ያ ልማድ አንዴ ከያዘ ለማስተው ዓመት ይፈጃል።

ገንዘቡን ከመጨረሻው ቁጠሩት

ጠመንጃው 500 ዶላር ነው ሲባል ወጪው 500 አይደለም። ደህና ስኮፕ፣ ማለት ማነጣጠሪያ መነጽር፣ 200። መያዣ ቀለበቶቹ 40። ለልምምድና ለአደን አምስት ሳጥን ጥይት፣ 20 ፍሬ የያዘው አንዱ ሳጥን 35 እንኳ ቢሆን፣ 175። የጆሮና የዓይን መከላከያ 40። ማንገቻ 25። ድምሩ 980 ዶላር ሆነ።

ስለዚህ በእጃችሁ 700 ዶላር ብቻ ካለ የ650 ዶላር ጠመንጃ አትግዙ። የ400 ዶላሩን ገዝታችሁ የተረፈውን ለጥይት አውሉት። አምስት ሳጥን የተኮሰበት ሰው በርካሽ ጠመንጃው፣ አንድ ሳጥን ብቻ የተኮሰውን ባለ ውድ ጠመንጃ ይበልጠዋል። ይህን በዓይኔ ደጋግሜ አይቻለሁ።

ሱቅ ውስጥ፦ እጃችሁ ላይ መርምሩት

እዚህ ላይ ጊዜ ውሰዱ። ሻጩ ቢቸኩል እናንተ አትቸኩሉ። ጠመንጃው ሲሰጣችሁ ማቀባበያውን ከፍታችሁ ባዶ መሆኑን እዩ። ሻጩ አይቶት ቢሆንም እናንተ ደግማችሁ እዩ። አፈሙዙን ሰው ወደሌለበት አዙሩ። ከዚያ እንዲህ ቀጥሉ።

ዓይናችሁን ጨፍኑ። ይህን ያስተማሩኝ አያቴ ናቸው። «ጠመንጃ የሚገዛ ሰው መጀመሪያ ዓይኑን ይጨፍን» ይሉ ነበር። ጨፍናችሁ ጠመንጃውን ወደ ትከሻ አምጡ፣ ጉንጫችሁን ሰደፉ ላይ አሳርፉ፣ ከዚያ ዓይናችሁን ግለጡ። በስኮፑ ውስጥ ሙሉ ክብ ከታያችሁ ልካችሁ ነው። ጥቁር ጥላ ከታያችሁና አንገታችሁን መስገግ ካስፈለጋችሁ አይሆናችሁም። ወፍራም ጃኬት ለብሳችሁ ድገሙት። ሰደፉ በጋቢ ላይ ሲሆንና በሸሚዝ ላይ ሲሆን አንድ አይደለም። የእህቴ ልጅ ቤልጅጉን እንዲህ ሲሞክር ክርኑ ተንጠለጠለ። የአያቴ ክንድ ረጅም ነበር፣ የእሱ አጭር ነው። ያኔ ነው ነገሩ የገባው።

ማቀባበያውን ሃያ ጊዜ ክፈቱና ዝጉ። በዝግታ አይደለም፣ ሁለተኛ ጥይት እንደሚያስፈልገው ሰው በፍጥነት። ርካሾቹ ላይ መጀመሪያ ይጎረብጣል፤ እሱ በሥራ ብዛት ይለሰልሳል። መሃል ላይ ተቀርቅሮ የሚቆም ከሆነ ግን ተዉት። እጀታው ምን ያህል እንደሚነሳም እዩ። ማቀባበያው የሚቆለፈው በጥርሶች ነው፤ ባለ ሁለት ጥርሱ ብዙውን ጊዜ እንደ ቤልጅጉ 90 ዲግሪ ገደማ ይነሳል። አንዳንዶቹ 70 ዲግሪ ብቻ ስለሚነሱ እጃችሁ ከስኮፑ ጋር አይጋጭም። ጓንት አድርጋችሁ ሞክሩት።

ቃታውን ሳቡ፣ በሻጩ ፈቃድ። ጥሩ ቃታ አይንሸራተትም። እንደ ደረቅ ጭራሮ ቀጭ ይላል። ክብደቱ 3 ፓውንድ፣ ማለት 1.4 ኪሎ ገደማ ሲሆን ለአደን ልክ ነው። ዛሬ ብዙዎቹ ርካሽ ጠመንጃዎች ባለቤቱ ራሱ የሚያስተካክለው ቃታ አላቸው። ይህ የሌላቸውን እለፉ።

ቀጥሎ የብር ኖት ፈተና። አንድ ኖት በበርሜሉና ከሥሩ ባለው ሰደፍ መካከል አስገቡና ወደ ኋላ ሳቡት። በርሜሉ እስኪጀምር ድረስ ሳይያዝ ከሄደ በርሜሉ ነጻ ነው። ለምን ይጠቅማል? በርሜል ሲግል ይለጠጣል። ሰደፉ ከነካው ይገፋዋል፣ ጥይቱም ቦታ ይቀይራል። ቤልጅጉ ላይ በአሥር ብር ሞከርነው። ገና ከጫፉ ተያዘ፣ ምክንያቱም የድሮ የጦር ሜዳ ጠመንጃ እንጨቱ እስከ አፈሙዙ ድረስ ያቅፈዋል። አዲሶቹ ላይ ኖቱ ያልፋል፤ ግን የፕላስቲክ ሰደፉን የፊት ጫፍ በጣታችሁ ወደ በርሜሉ ጫን አድርጉት። በቀላሉ ታጥፎ የሚነካ ከሆነ ያወቃችሁት ቁጠባ እሱ ነው። ክንዳችሁ ላይ ወይም ቦርሳ ላይ አስደግፋችሁ ከተኮሳችሁ ችግር የለውም። በማንገቻ አጥብቃችሁ ከጎተታችሁት ግን ያስታችኋል።

ካዝናውን አውጡት፣ መልሱት። ቀጭ ብሎ መያዙ በጆሮ ሊሰማ ይገባል። ስትነቀንቁት ቢያንኳኳ ጫካ ውስጥ አጋዘኑ ከእናንተ በፊት ይሰማዋል። ካዝና ቢጠፋባችሁ መተኪያው ስንት እንደሆነ እዚያው ጠይቁ፤ ጠመንጃው ርካሽ ሆኖ ካዝናው የሚያስደነግጥ አለ።

የመጠበቂያ ቁልፉ አውራ ጣታችሁ ሳይለፋ መድረስ አለበት። ቁልፉ እንደተቆለፈ ማቀባበያው የሚከፈትበትን ዓይነት እመርጣለሁ። ጥይቱን ስታወጡ ጠመንጃው ተቆልፎ ይቆያል።

ክብደቱንም አትርሱ። ጮቄን የወጣ ሰው ይህን ያውቃል። ከባሕር ጠለል በላይ 4000 ሜትር ላይ አንድ ኪሎ ሁለት ኪሎ ነው። የኮሎራዶ ተራራም እንደዚያው ትንፋሽ ያሳጥራል። ያለ ስኮፑ 3 ኪሎ ገደማ የሚመዝን ጥሩ ነው። በጣም የቀለለ ደግሞ ይራገጣል።

በስም ልጥራቸው

ሳቬጅ አክሲስ ብዙ ጊዜ ከሁሉም ርካሹ ነው። በርሜሉ በዳዶ የሚታሰርበት ዘዴ ፋብሪካውን ወጪ ይቆጥብለታል፣ ትክክለኛነቱን ግን አይጎዳም። ሰደፉ ልል ነው። ሁለተኛው ትውልድ አክሲስ 2 የሚስተካከል ቃታ አለውና ትንሽ ጨምራችሁ እሱን ያዙ።

ሩገር አሜሪካን የእኔ ምርጫ ነው። ማቀባበያው ባለ ሦስት ጥርስ፣ 70 ዲግሪ የሚነሳ። ቃታው ከ3 እስከ 5 ፓውንድ ይስተካከላል። የጠመንጃው አካል የተቀመጠባቸው የብረት መቀመጫዎች ፕላስቲኩ ውስጥ አብረው ተቀርጸዋል፤ በዚህ ዋጋ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ሞስበርግ ፓትሪየት የእንጨት ሰደፍ ለሚወድ ሰው ነው። የዋልነት እንጨት ያለው ዓይነቱ ሲታይ ደስ ይላል።

ትንሽ ገንዘብ ከተረፈ የጃፓኑን ሃዋ 1500 እዩ። ከበድ ይላል፣ ግን ማቀባበያው ጠንካራ ነው፣ የድሮውን ማውዘር ያስታውሳችኋል። የፊንላንዱ ቲካ ቲ3ኤክስ ደግሞ ማቀባበያው ቅቤ ላይ የሚሄድ ይመስላል። ዋጋው ግን ከርካሽ ተራ ይወጣል። ያገለገለ ካገኛችሁ አትለፉት።

ስኮፕ ተገጥሞለት በጥቅል የሚሸጠውን በተመለከተ፦ ጠመንጃው ያው ነው፣ ስኮፑ ግን ብዙ ጊዜ ደካማ ነው። የዋጋው ልዩነት ከ50 ዶላር ካልበለጠ ውሰዱት፣ ስኮፑን በኋላ ትቀይሩታላችሁ።

ያገለገለ ከሆነ

ያገለገለ የአደን ጠመንጃ አብዛኛውን ጊዜ ብዙ አልተተኮሰበትም። ጥሩ ዕድል ነው። ማቀባበያውን አውጡ፣ ከኋላ በኩል ብርሃን አብሩ፣ በአፈሙዙ በኩል እዩ። በርሜሉ ውስጥ የተቀረጸው ጥምዝምዝ መስመር ስለት ሆኖ ማብረቅ አለበት። የአፈሙዙ ጠርዝ ላይ ጭረት ወይም ጉድፍ ካለ ጥይቱ ሲወጣ ይጎተታል። የብሎኖቹ ራስ ተበልቶ ከሆነ ያልተማረ እጅ ገብቶበታል ማለት ነው። ከማቀባበያው ኋላ፣ ሰደፉ የሚቀጥንበት ቦታ ላይ ስንጥቅ ፈልጉ። ማቀባበያው ላይ የተጻፈው ቁጥር ከአካሉ ጋር ካልተመሳሰለ ጠመንጃ ሠሪ ሳያየው አትተኩሱ፤ በማቀባበያውና በጥይቱ መካከል ያለው ክፍተት ከሰፋ ቀለሁ ተቀዶ ጋዙ ፊታችሁ ላይ ሊመጣ ይችላል። ይህ በመሣሪያ የሚለካ ነው፣ በዓይን አይታወቅም።

የድሮ የወታደር ጠመንጃ ለሚያምራችሁ አንድ ነገር ላሳያችሁ። የአያቴን ቤልጅግ ማቀባበያ ስናወጣ ጫፉ ላይ፣ መርፌው በሚወጣበት ቀዳዳ ዙሪያ፣ እንደ ፈንጣጣ ጠባሳ ነቁጥ ነቁጥ ያለ ነገር ነበር። የድሮ የጦር ጥይት መቀጣጠያው ጨው ይተዋል። ጨው እርጥበት ይስባል፣ እርጥበት ብረት ይበላል። ከተኩስ በኋላ በፈላ ውኃ ካልታጠበ በአንድ ክረምት እንዲህ ይሆናል። የጎጃምን ክረምት ደግሞ ታውቁታላችሁ። በርሜሉም ውስጥ እንዲሁ ነበር። ለመታሰቢያ ይኑር፣ ለአደን ግን አይሆንም አልኩት።

ስኮፕና ማስተካከል

3-9×40 የሚባለው ስኮፕ፣ ማለት ከ3 እስከ 9 እጥፍ የሚያጎላ፣ የፊት መስተዋቱ 40 ሚሊሜትር የሆነው፣ ለጀማሪ በቂ ነው። ሲገጠም ከዓይናችሁ 9 ሳንቲሜትር ያህል መራቅ አለበት፤ ያለዚያ ሲራገጥ ቅንድባችሁን ይሰነጥቃል።

ጥይቱ ስኮፑ ያነጣጠረበት ቦታ እንዲመታ ማስተካከሉን በ25 ያርድ ጀምሩ፤ አንድ ያርድ ከሜትር ትንሽ ያንሳል። ሦስት ተኩሱ፣ የሦስቱን መሃል ፈልጉ፣ ያን አስተካክሉ። በአንድ ጥይት ተነስታችሁ አታዙሩ። የአብዛኛው ስኮፕ ማስተካከያ ሲዞር ቀጭ ቀጭ ይላል፤ በ100 ያርድ አራት ቀጭታው ጥይቱ የሚመታበትን ቦታ አንድ ኢንች፣ ማለት 2.5 ሳንቲሜትር ያንቀሳቅሳል። በ25 ያርድ ግን ለዚያው አንድ ኢንች አሥራ ስድስት ቀጭታ ያስፈልጋል። ብዙ ሰው ጥይት የሚያባክነው ይህን ሳያውቅ ነው። ከዚያ ወደ 100 ያርድ ሂዱ። ለ6.5ም ለ.308ም ከመሃሉ 4 ወይም 5 ሳንቲሜትር ከፍ ብሎ እንዲመታ አድርጉት፣ 200 ያርድ ላይ መሃሉ ላይ ይደርሳል። በየሦስት ጥይቱ በርሜሉን አብርዱ።

ሦስቱ ጥይቶች በ100 ያርድ 5 ሳንቲሜትር ውስጥ ካረፉ አትጨነቁ። በ200 ያርድ 10 ይሆናል። የአጋዘን ልብና ሳንባ ያለበት ቦታ 20 ሳንቲሜትር ያህል ስፋት አለው። ከዚያ በኋላ ጠመንጃውን አስደግፋችሁ ከምትተኩሱበት ጠረጴዛ ተነሱ። ተንበርክካችሁ፣ ተቀምጣችሁ፣ እንጨት ተደግፋችሁ ተኩሱ። አደን ላይ ጠረጴዛ የለም።

ቅባቱ

ዘይት ትንሽ ይበቃል። የማቀባበያው ጥርሶች ላይ ጠብታ ግሪስ፣ ሌላው ላይ በጨርቅ የታሸ ስስ የጠመንጃ ዘይት። ብዙ ከሆነ በብርድ ይጠነክርና መርፌው ይዘገያል። የምግብ ዘይት ከቶ አትጠቀሙ።

አያቴ የሚቀቡት የኑግ ዘይት ነበር፤ በእጃቸው ያለው እሱ ነበርና። ኑግ ሲቆይ ይደርቃል፣ ሙጫ ይሆናል። ያን ቀን ማቀባበያው ለመነሳት ሁለት እጅ ፈልጎ ነበር። ጨርቅ በነጭ ጋዝ አርሰን ስናሽ ቡናማው ሙጫ እየተቀረፈ ጨርቁን አጨቀየው። አንድ ሰዓት ፈጀን። ደርቆ ስስ ዘይት ከተቀባ በኋላ የእህቴ ልጅ ማቀባበያውን በአንድ ጣት ገፋው። ጭቅ ብሎ ገባ። እናቴ ከጓዳ ሆና ድምፁን ሰማችና «የአባባ ጠመንጃ ነው እንዴ?» አለች።